የገጠር ባንክ ሲወድቅ ዕዳው በማን ጫንቃ ላይ ያርፋል?

ገበሬው ከምርቱ፣ አርብቶ አደሩም ከፍየሉና ከግመሉ ሽያጭ ቀንሶ የሚያስቀምጠው ገንዘብ በከተማ ነጋዴ ዓይን ሲታይ አነስተኛ ነው። ለባለቤቱ ግን የክፉ ቀን መሸሸጊያ፣ የልጅ ማስተማሪያና የታመመ ማሳከሚያ ነው። ይህን ገንዘብ በአደራ የተቀበለ አነስተኛ የገጠር ባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲወድቅ የሚደርሰው ጉዳት በጠፋው ብር መጠን ብቻ አይለካም። አንድ ጊዜ አደራው የተበላበት ቀበሌ ሁለተኛ ጊዜ ከገንዘብ ያዡ ፊት አይቀርብም። ያለችውን ጥሪት ቤቱ ይደብቃል፤ ሲቸግረውም ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ ይሄዳል።

ጉዳዩ ለአዋሽ ሸለቆ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድና በጥንቱ የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ከአይሳኢታ ቀጥላ የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ ደግሞ ከአዋሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ ረጅም መንገድ ዳር በየከተማው የባንክ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ይሁንና መንጋውን ይዞ ወደ ግጦሽ የሚጓዘው አርብቶ አደርና በወንዙ ዳር በቆሎ የሚያለማው ከፊል አርብቶ አደር የባንክ ደጅ የሚረግጠው ከብት ለመሸጥ ወደ ገበያ ሲወጣ ነው።

ይህን ክፍተት እንዲሞሉ የታሰቡት በየቀበሌው የተቋቋሙት የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የእርሻ ልማት ፈንድ ድጋፍ በሦስት ምዕራፍ የተካሄደው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት አፋርን ጨምሮ በአርብቶ አደር አካባቢዎች እንዲህ ያሉ ማኅበራት እንዲደራጁ ረድቷል።

እንዲህ ያለ ማኅበር የአባላቱ ባንክ ነው። ባለቤቱም፣ አስቀማጩም፣ ተበዳሪውም አባሉ ራሱ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ተበዳሪው ስንት ፍየል እንዳለውና ቃሉን የሚያከብር ሰው መሆኑን ጎረቤቶቹ ከማንኛውም የባንክ ሠራተኛ አብልጠው ያውቃሉ። በሌላ በኩል ግን ጎረቤታሞች በመሆናቸው ድርቅም ሆነ ጎርፍ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመታቸዋል።

የገጠር ብድር ያለፈበት መንገድ

በኢትዮጵያ ለገበሬው ብድር ለመስጠት የተቋቋሙ ድርጅቶች ታሪክ የመነሳትና የመውደቅ ታሪክ ነው። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 የእርሻ ባንክ ተቋቋመ። ዓላማውም በጦርነቱ እርሻቸው ለተጎዳባቸው አነስተኛ ባለመሬቶች የዘርና የከብት መግዣ ብድር መስጠት ነበር። ይህ ባንክ ዕድሜው አጭር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1951 የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ተተካ፤ ለዚህም ባንክ ማቋቋሚያ የዓለም ባንክ ቀደም ሲል በ1950 ሁለት ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ልማት ባንኩ ከሌላ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ድርጅት ጋር ተዋህዶ የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ተባለ።

በእነዚህ ዓመታት የአዋሽ ሸለቆ ዋና የእርሻ ልማት ቀጣና ሆኖ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በአሚባራና በተንዳሆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ካፒታሉም ብድሩም በአመዛኙ የሄደው ለእነዚሁ ሰፋፊ እርሻዎች ሲሆን፣ በደረቅ ወራት የወንዙን ዳር ለግጦሽ ይጠቀምበት የነበረው የአፋር አርብቶ አደር መሬቱን አጣ እንጂ የባንክ ደንበኛ አልሆነም። የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ድርሻ የነበረው የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበር በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ በኋላ በመንግሥት ተወረሰ።

በደጋውና በወይና ደጋው ደግሞ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ የገበሬ ማኅበራት፣ ከእነርሱም በላይ የአገልግሎት ሰጪ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። በሺህ የሚቆጠሩት እነዚህ ማኅበራት ማዳበሪያ ያከፋፍሉ፣ ጨውና ስኳር ይሸጡ፣ ወፍጮ ይተክሉ፣ ለመንግሥት የሚቀርበውንም የእህል ኮታ ይሰበስቡ ነበር። የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያስከፍለው ወለድ ግለሰብ ከሚከፍለው ያነሰ ነበር።

ነገር ግን ብዙዎቹ ማኅበራት ከታች በአባሉ ፈቃድ የተሠሩ ሳይሆኑ ከላይ በትእዛዝ የተደራጁ ነበሩ። አባሉ የከፈለውን ዕጣ ከግብር ለይቶ አላየውም። ብድሩንም የመንግሥት ገንዘብ እንደሆነ ቆጠረው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው ከአምራች ማኅበራት መውጣት እንደሚችል ሲነገረው አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠበት ጊዜም በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ፤ ወፍጮው ተነቀለ፤ የሒሳብ መዝገቡ ተቃጠለ ወይም ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዛሬ ለማኅበራት መሪዎች ዋና ትምህርት ነው። ማኅበሩ ሲፈርስ ዕዳው አልፈረሰም፤ በባንኩ መዝገብ ላይ ተጽፎ ቀረ። ባንኩም የማይሰበሰብ ብድር ተሸክሞ ከቆየ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተደራጅቶ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ሆነ። ዕጣ የከፈለው ገበሬ ግን መዝገቡ ስለጠፋ የከፈለውን የሚያስረዳበት ወረቀት አልነበረውም። ለብዙ ዓመታትም "ማኅበር" የሚለው ቃል በገጠር በጥርጣሬ የሚሰማ ቃል ሆኖ ቆየ።

ዋስ የሆነው ማን ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጣው የማዳበሪያ ብድርም የራሱን ትምህርት ጥሎ አልፏል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ክልሎች በጀታቸውን በዋስትና አስይዘው ባንክ ለገበሬው የማዳበሪያ ብድር እንዲሰጥ አደረጉ። ገበሬው ባይከፍል ከክልሉ በጀት ላይ ይቆረጥ ነበር። በዚህም ምክንያት ብድር የማስመለሱ ሥራ በወረዳና በቀበሌ መሪዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ገበሬው ያመረተውን ሁሉ ሸጦ እንኳ የማዳበሪያውን ዕዳ መሸፈን አቃተው። ዕዳውን ለመክፈል በሬውን የሸጠ ጥቂት አልነበረም። ለተከታዩ ክረምትም ብዙው ማዳበሪያ ሳይገዛ ቀረ፤ ወዲያው ደግሞ የ1994 እና የ1995 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከዚህ እንደሚታየው ምርት ቢሞላም ብድር ሊበላሽ ይችላል፤ ለውድቀት የግድ ድርቅ አያስፈልግም። ብድር የሚመለሰው ከእህሉ ሳይሆን ከእህሉ ዋጋ ነውና።

ትልልቆቹ ባንኮችም ከአደጋ አላመለጡም። ልማት ባንክ በጋምቤላና በሌሎች ቦታዎች ለሰፋፊ እርሻዎች ከሰጠው ብድር የተነሳ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የተበላሸ ብድሩ ከጠቅላላው ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ያን ጊዜ መንግሥት ካፒታል ጨምሮ ባንኩን ደገፈው፤ ባንኩም ከዚያ ወዲህ የተበላሸውን ብድር ድርሻ በእጅጉ ቀንሷል። በአዋሽ ፈንታሌ ወይም በዱብቲ የሚገኝ የአንድ ቀበሌ የቁጠባ ማኅበር ግን እንዲህ ያለ ደጋፊ ከጀርባው የለውም።

ሠላሳ አራተኛው አባል

አነስተኛ የገጠር ባንክ እንዴት እንደሚወድቅ ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። 200 አባላት ያሉት አንድ የቁጠባ ማኅበር ለምሳሌ ይወሰድ። እያንዳንዱ አባል በወር 50 ብር እያስቀመጠ ሦስት ዓመት ቢቆይ የእያንዳንዱ ቁጠባ 1,800 ብር፣ የሁሉም ድምር 360,000 ብር ይሆናል። ማኅበሩ ከዚህ 300,000 ብር ለአባላት አበድሮ 60,000 ብር ብቻ በባንክ አስቀምጧል እንበል። በመጽሐፉ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ነው።

አሁን ዝናብ ቀረና አባላት ቁጠባቸውን ለመውሰድ መጡ እንበል። በባንክ ያለው 60,000 ብር 33 አባላትን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ያልቃል። ሠላሳ አራተኛው አባል ባዶ እጁን ይመለሳል። ያ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲገባ ማኅበሩ ወድቋል ማለት ነው። አንድ ብር ያልተሰረቀ ቢሆንም፣ ብድሩም ገና በሰው እጅ ያለ ቢሆንም፣ በማግሥቱ 166ቱ ሌሎች አባላት በር ላይ ይሰለፋሉ። ተበዳሪዎቹም ይህን ሲያዩ "የሚፈርስ ማኅበር ዕዳ ማን ይከፍላል?" ብለው ክፍያ ያቆማሉ። የመጀመሪያው ችግር የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነበር፤ ሁለተኛው ግን እውነተኛ ኪሣራ ይሆናል።

ከተሰጠው ብድር 100,000 ብር ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ ለ360,000 ብር ቁጠባ የሚቀረው ንብረት 260,000 ብር ነው። ጉዳቱ ለሁሉም እኩል ቢከፈል እያንዳንዱ አባል 1,300 ብር ያገኛል። መጀመሪያ የመጡት 33 ሰዎች 1,800 ብር ሙሉውን ከወሰዱ ግን ለቀሩት 167 አባላት የሚደርሳቸው በነፍስ ወከፍ 1,200 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደርሱትም ብዙውን ጊዜ ከተማ አጠገብ ያሉት፣ ወሬውን ከኮሚቴ ዘመድ የሰሙት ናቸው። መንጋ ይዞ ሩቅ የሄደው፣ አራስ ቤት ያለችው ሴት፣ ስልክ የሌለው ሽማግሌ መጨረሻ ይደርሳሉ። ስለዚህ ችግሩ በታወቀበት ቀን ክፍያን ለሁሉም በአንድነት ማቆምና ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ከጭካኔ አይቆጠርም። ለደካማው አባል ያለው ጥበቃ ይኸው ነው።

አንድ ወንዝ፣ አንድ አደጋ

የአዋሽ ሸለቆ ማኅበራት ልዩ ችግር የአባላቱ ኑሮ በአንድ ወንዝና በአንድ ዝናብ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። አዋሽ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከላይ ሲሞላ የታችኛውን ሕዝብ ያጥለቀልቃል፤ ሲጎድልም የታችኛውን ያስጠማል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ በአፋር ብዙ ከብት ፈጀ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አዋሽ ሞልቶ በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ፤ ማሳውንም ዋጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኖሪያቸውን ለቀው እንዲወጡ አስገደደ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለፍየል ማድለቢያ የተበደረው ፍየሉ ይሞትበታል፤ ለሱቅ የተበደረችው ገዢዋ ይሰደድባታል። በዚያው ሳምንት ሁሉም አባል ቁጠባውን ይፈልጋል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው አስቀማጩ ገንዘቡን ይጠይቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ግን ማኅበሩ አይችልም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከቀበሌው ውጭ መገኘት እንዳለበት የቀደሙት ተረድተውት ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. በ1864 በሄደስዶርፍ ከተማ ለገበሬዎች የብድር ማኅበር ሲያቋቁም የተመካው በጎረቤት መተዋወቅ ላይ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን አንዱ መንደር ሲቸገር ከሌላው የሚደገፍበት ማዕከላዊ የገንዘብ ቋት ማስፈለጉ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹም ቋቱ ተቋቋመ። በጋናም እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያው የገጠር ባንክ በአጎና ንያክሮም ከተከፈተ በኋላ የገጠር ባንኮቹ በኋለኛው ዘመን የጋራ ማዕከላዊ ባንክ አቋቁመዋል።

በኢትዮጵያም የኅብረት ሥራ ሕግ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ ይፈቅዳል። በአዋሽ አካባቢ ያለ ማኅበርና በሰመራ፣ በሎግያ ወይም በዱብቲ አካባቢ ያለ ማኅበር በአንድ ዩኒየን ቢታቀፉ አንዱ በጎርፍ ሲመታ ሌላው ሊደግፈው ይችላል። ዩኒየኑ ከሸለቆው ውጭ ካሉ አካባቢዎች ጋር ሲተሳሰር ደግሞ ድጋፉ የበለጠ ይጠነክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩ ከብዙ ቦታ ሲመጣ ነው።

ከጋና የተገኘ ትምህርት

አነስተኛ የገንዘብ ድርጅቶች በጅምላ ሲወድቁ የሚሆነውን ጋና በቅርቡ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2019 የጋና ባንክ የ347 የማይክሮ ፋይናንስ ድርጅቶችን ፈቃድ በአንድ ቀን ሰረዘ። ዕዳቸው ከንብረታቸው የበለጠ ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 155ቱ ፈቃዳቸው ከመሰረዙ በፊት ሥራ ያቆሙ ነበሩ። ይህ ማለት አስቀማጩ ሕዝብ በሩ ተዘግቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ ባዶ ሆኖ እያየ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ቆይቷል ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አጣሪ ተሾመ፤ አስቀማጮች ማስረጃቸውን ይዘው እንዲያመለክቱ ተጠየቁ፤ መንግሥትም ለክፍያው ገንዘብ መደበ። በዚህ ሥራ ወሳኝ ሆኖ የተገኘው ማስረጃ ነው። ደብተሩንና ደረሰኙን የያዘ ሰው ጥያቄው በቀላሉ ይመሳከርለታል። በቃል ተማምኖ ገንዘቡን የሰጠ ሰው ግን በመጀመሪያ አስቀማጭ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። በ1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገበሬ የደረሰበት ይኸው ነበር።

ሕጉ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

የማኅበራት መሪዎች ለአባላቸው በግልጽ ሊነግሩት የሚገባ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ2013 ዓ.ም. በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የኢትዮጵያ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል። ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ ፈንዱ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። በገጠር የሚገኘው አብዛኛው አስቀማጭ ቁጠባው ከዚህ መጠን በታች ስለሆነ በእነዚህ ተቋማት ያለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ማለት ነው።

በኅብረት ሥራ አዋጅ የተመዘገበ የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን በዚህ ፈንድ ውስጥ አይገባም። ማኅበሩ ቢወድቅ አባሉ የሚያገኘው ከማኅበሩ ንብረት የሚተርፈውን ብቻ ነው። ብዙ አባላት ሁለቱን ለይተው አያውቁም። በአንዱ ቢሮ የተቀበለው ደብተር ከሌላው ደብተር ጋር ተመሳሳይ ይመስላቸዋል። ማኅበሩ ራሱ ትርፍ ጥሬ ገንዘቡን በገንዘብ ያዡ ቤት ሳይሆን ፈቃድ ባለው ባንክ ማስቀመጥ የሚገባውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ማኅበሩን የሚጠብቀው መጠባበቂያው ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲያዝ፣ አንድ አባልም ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ፣ አባል ሁሉ አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። የእነዚህ ድንጋጌዎች ምክንያት ግልጽ ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ማኅበሩ 100,000 ብር መጠባበቂያ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ የማይመለሰውን ብድር መጠባበቂያው ይሸፍነው ነበር፤ ከአባላትም አንድም ሰው አንድ ብር ባላጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ትርፉን ሁሉ ተካፍሎ የሚበትን ማኅበር ዛሬ አባሉን ያስደስታል፤ ነገ ግን ያስለቅሰዋል።

በአፋር ሕዝብ ዘንድ የወለድ ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ወለድ በእስልምና ሐራም በመሆኑ ብዙ ሰው በወለድ ከሚሠራ ድርጅት ይርቃል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘምን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል። ከወለድ ነፃ መሆን ግን ከኪሣራ ነፃ መሆን አይደለም። ፍየል ገዝቶ በትርፍ ለአባሉ በዱቤ የሚሸጥ ማኅበርም ዱቤው ካልተመለሰ ይወድቃል። መጠባበቂያውና የሒሳብ ምርመራው ለሁለቱም እኩል ያስፈልጋሉ።

ዳጉና የገንዘብ ወሬ

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል ጥንታዊ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ። በዳጉ የተሳሳተ ነገር መንገር የሚያስነውር በመሆኑ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። በዚህ መንገድ አንድ ወሬ ከአዋሽ ተነስቶ ሰመራ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ባንክን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ወሬ ነው። ኮሚቴው ሒሳቡን ደብቆ ሲቀመጥ ሠላሳ አራተኛው አባል የሚናገረው ብቻ ይሰማል። ኮሚቴው በየሦስት ወሩ በባንክ ያለውን ገንዘብ፣ በሰው እጅ ያለውን ብድርና ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ ለጉባኤ ካነበበ ግን ዳጉው ራሱ እውነቱን ያዳርሰዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችለው አባልም ቁጥሩን በጆሮው ሰምቶ ለሌላው ያስተላልፋል። ብድር ያልመለሰውን አባል በተመለከተም ከፍርድ ቤት በፊት የጎሣ ሽማግሌዎች በመዳዓ፣ ማለትም በባህላዊው ሕግ፣ ሊያስማሙ ይችላሉ። ስምምነቱ ግን በማኅበሩ መዝገብ መስፈር ይኖርበታል።

የመሪዎች ተግባር

ከዚህ ሁሉ በመነሳት የገበሬና የአርብቶ አደር ማኅበራት መሪዎች ዋና ዋና ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል የራሱ የቁጠባ ደብተር እንዲኖረውና ገንዘብ በሰጠ ቁጥር በፊርማ ወይም በጣት አሻራ እንዲረጋገጥ ማድረግ። የማኅበሩ መዝገብ ቅጂም ከማኅበሩ ቢሮ ውጭ በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ቤት ሊቃጠል፣ ጎርፍ ሊገባበት፣ መሬት ሊንቀጠቀጥ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ሒሳብ ሹሙና ብድር ፈቃጁ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ማረጋገጥ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ከሆኑም የቁጥጥር ኮሚቴው ሊጠይቅ ይገባል። ለኮሚቴ አባላትና ለዘመዶቻቸው የተሰጠ ብድር በጉባኤ ፊት በስም መነበብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ዓመታዊ የሒሳብ ምርመራ ሳይደረግ አንድም ዓመት እንዳያልፍ ማድረግ። መርማሪው ሳይመጣ ቢቀር ኮሚቴው ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ የወረዳውንና በሰመራ የሚገኘውን የክልሉን የኅብረት ሥራ ቢሮ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ለሁለት ዓመት ያልተመረመረ ሒሳብ ካለ አባሉ ተጨማሪ ገንዘብ ከማስቀመጡ በፊት ምክንያቱን መጠየቅ መብቱ ነው።

አራተኛ፣ ጥሬ ገንዘብን ሁሉ አበድሮ አለመጨረስ። በተለይ በደረቅ ወራትና ጎርፍ በሚጠበቅበት ክረምት መያዣ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ ከፍ ማለት አለበት። ብድሩም ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ መሰጠት የለበትም። ሁሉም ፍየል ካደለበ በአንድ ቀን ገበያ አውጥቶ ዋጋውን ይጥላል።

አምስተኛ፣ ችግር ከመጣ ለአንዳንዶች ከፍሎ ለሌሎች ከመከልከል መቆጠብ። ክፍያን በአንድነት አቁሞ፣ ጉባኤ ጠርቶ፣ ያለውን ንብረትና ዕዳ ቆጥሮ መወሰን ያስፈልጋል። ማኅበሩ መዳን የማይችል ከሆነ በሕጉ መሠረት አጣሪ ይመደብና ንብረቱ በሥርዓት ይከፋፈል። በሥርዓት የተዘጋ ማኅበር ባለበት ቀበሌ ሕዝቡ እንደገና ሌላ ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል። በሌሊት የተዘጋ ማኅበር ባለበት ቀበሌ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ቁጠባን ይጠላል።

የእርሻ ባንኩ ከተቋቋመበት ጊዜ ወዲህ ወደ ሰማንያ ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ገጠር ብዙ የብድር ድርጅቶች ስማቸው ተለውጧል፣ ተዋህደዋል፣ ፈርሰዋል። በየጊዜው ዕዳው ያረፈው መዝገቡን ባላየው፣ ጉባኤ ባልተጠራው፣ ደረሰኝ ባልያዘው ገበሬ ጫንቃ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በአዋሽም ሆነ በሰመራ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ እንዲቀርቡ ቢጠይቁ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። እነዚህም የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ጊዜው ያለፈበት ብድር ዝርዝርና የመጨረሻው የሒሳብ ምርመራ ውጤት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጉባኤው ሌላ አጀንዳ ከመክፈቱ በፊት እርሱን ይጨርስ።